ድንጋዩ ላይ ምን ተጽፏል? ስለ ጥንታዊ ጽሑፎች ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ላይ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ደመወዝ ሊያጥረው ይችላል፤ ጥያቄ ግን አያጥረውም። ተማሪውም፣ ቡና ነጋዴውም፣ ጎረቤቱም ስልኩን ዘርግቶ «እስቲ ይቺን እያት» ይላል። አንዱ የተጫረ ድንጋይ ያሳያል። ሌላው የአያቱን ጠገራ ብር፣ ሌላው የመቃብር ላይ ጽሑፍ። ቶሎ ቶሎ የሚመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ አስቀምጫለሁ። ለብቻ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤፒግራፊ የሚባለው ምንድን ነው? ከአርኪዮሎጂ ይለያል?

በድንጋይ፣ በብረት፣ በሸክላና በመሳሰሉት ላይ የተቀረጸን ጽሑፍ ማጥናት ነው። ብራና ላይ በቀለም የተጻፈው የፊሎሎጂ ሰዎች ድርሻ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ድንጋዩ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደወጣና አጠገቡ ምን እንደነበረ ይመዘግባል። የጽሑፍ አጥኚው ምን እንደሚል ያነባል። ሥራቸው ስለሚነካካ አንዱ ያለሌላው ብዙ አይራመድም። ለዚህ ነው «ድንጋዩን ነቅለን አመጣንልህ» ሲሉኝ የምደነግጠው።

እኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

የሳባና የአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች በብዛት ያሉት በትግራይና በኤርትራ ነው። የሐ፣ አክሱም፣ መጠራ፣ ውቅሮ አካባቢ። ጅማ ዙሪያ «የሳባ ፊደል አገኘሁ» ብሎ ፎቶ የሚልክልኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ያገኘው የማረሻ ጭረት፣ የዛፍ ሥር የበላው ድንጋይ ወይም ሽበት (ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚበቅለው ነገር) ነው።

ይህ ማለት ግን ጅማ የጽሑፍ ቅርስ የላትም ማለት አይደለም። እዚህ የጽሑፍ ባህሉ ሌላ መንገድ ይዞ ነው የመጣው። በዞኑ በአረብኛ፣ እንዲሁም በአረብኛ ፊደል በኦሮምኛ የተጻፉ የእጅ ጽሑፎች አሉ። በአረብኛ ፊደል ሌላ ቋንቋ መጻፍ ዓጀሚ ይባላል። ከዚያ ደግሞ ገበያው አለ። የጥንቱ የሂርማታ ገበያ ነጋዴ የያዘው ብር ራሱ ጽሑፍ ያለበት ነገር ነው። የጣልያን ዘመን ሕንጻዎችም አሉ። እነዚህን ማንበብ የለመደ ዓይን ነገ አክሱም ሲሄድ ባዳ አይሆንም።

የጢያ ትክል ድንጋዮች ላይ ያለውስ? ጽሑፍ ነው?

አይደለም። ጢያ ላይ 36 ድንጋዮች አሉ፤ ቦታው በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንጋዮቹ ላይ በብዛት የሚታየው የሰይፍ ምስልና ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ጽሑፍ ለመባል ምልክቶቹ ተከታትለው ንግግርን መወከል አለባቸው። የጢያዎቹ መልእክት አላቸው፤ ግን ቃል በቃል የሚነበቡ አይደሉም። «የጢያን ጽሑፍ ፈታሁት» የሚል ቪዲዮ ካያችሁ እለፉት።

ማንም የማያውቀው ፊደል እንዴት ይፈታል?

ይሄን ጥያቄ ስወደው! ብዙ ሰው አንድ ሊቅ ቁጭ ብሎ ትኩር ብሎ አይቶ፣ ድንገት የገለጠለት ይመስለዋል። ሥራው ግን በአብዛኛው ቆጠራና ማመሳከር ነው።

መጀመሪያ ምልክቶቹ ይቆጠራሉ። ስንት የተለያየ ምልክት አለ? ከ20 እስከ 40 ከሆነ አንድ ምልክት ለአንድ ድምፅ የቆመበት አልፋቤት ሳይሆን አይቀርም። ወደ መቶና ከዚያ በላይ ከሄደ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የሚጽፍ ሊሆን ይችላል። የእኛ ግዕዝ 26ቱ በ7 ሲባዙ 182 ይሆናሉ። ብዙ መቶ ከሆነ ደግሞ ቃልን በምስል የሚጽፍ ነገር አለበት።

ቀጥሎ አቅጣጫው ይታያል። ከቀኝ ነው ከግራ? የሳባ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። በጥንታዊዎቹ ላይ ግን አንዱ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ሄዶ ቀጣዩ ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ ልክ በሬ ትልም ጨርሶ እንደሚዞረው። መስመሩ ሲዞር ፊደሎቹም ፊታቸውን ያዞራሉ።

ከዚያ ስም ይፈለጋል። ዋናው ቁልፍ እሱ ነው። ሌላው ቃል ሲተረጎም ይለወጣል፤ የሰው ስም ግን ድምፁን ይዞ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይሻገራል። በ1799 ግብፅ ውስጥ የተገኘው የሮዜታ ድንጋይ አንዱን አዋጅ በሦስት አጻጻፍ ይዟል፤ አንዱ የሚታወቀው ግሪክ ነው። በግብፁ የምስል ጽሑፍ የንጉሥ ስም ሞላላ ክበብ ውስጥ ይገባል። ድንጋዩ ላይ የጦለሚ ስም አለ። የክሊዮፓትራ ስም ደግሞ ከሌላ ሐውልት ላይ ተገኘ። ሁለቱ ስሞች የሚጋሯቸው ድምፆች አሉ፦ ፐ፣ ኦ፣ ለ። ምልክቶቹም በሚጠበቅባቸው ቦታ ላይ ገጠሙ። ፈረንሳዊው ሻምፖልዮን ከዚህ ተነስቶ በ1822 ፊደሉን ፈታ። የጥንት ግብፃውያን ቋንቋ ልጅ የሆነውን ቅብጥኛን ጠንቅቆ ማወቁ ከሌሎች አስቀደመው።

አሁን ወደ እኛ። የደቡብ ዓረቢያን ፊደል፣ ማለትም እኛ የሳባ የምንለውን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ አውሮፓ ውስጥ የሚያነበው አልነበረም። በ1834 ዌልስቴድ የሚባል እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን የመን ጠረፍ ላይ ካለ ምሽግ አንድ ጽሑፍ ገልብጦ ወሰደ። ጌዜኒዩስና ሮዲገር የተባሉ ሁለት የጀርመን ምሁራን በ1840ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ፈቱት። ከረዷቸው ነገሮች አንዱ የግዕዝ ፊደል ነው። ለ፣ ሐ፣ በ፣ ተ፣ ቀ፣ ዐ የሚሉትን የሳባ አቻቸው አጠገብ ብታስቀምጧቸው ዘመድነታቸው ያለ አስተማሪ ይታያል። በየመን አፈር ውስጥ የሞተውን ፊደል የከፈተው ኢትዮጵያ ውስጥ በየቀኑ የሚጻፍበት ፊደል ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ያልታወቀው የሚፈታው በታወቀው ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው ፊደልና ቋንቋ ነገ ለማን ቁልፍ እንደሚሆን አይታወቅም።

ዳዊት የደገመ፣ ግዕዝ የተማረ ሰው የአክሱምን ድንጋይ ያነባል?

በከፊል። የመጀመሪያዎቹ የግዕዝ ጽሑፎች አናባቢ የላቸውም። ሁሉም ፊደል የመጀመሪያውን ቤት መስሎ ነው የሚጻፈው። «ንጉሠ አክሱም» የሚለው ያለ አናባቢ ሲጻፍ «ነገሠ አከሰመ» ሆኖ ይታያል። «ነገሠ» ማለት ነው ወይስ «ንጉሥ»? የሚወስነው ዐውዱ ነው። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያለ የሚሄደው ሥርዓት ድንጋይ ላይ የሚታየው በ4ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ዔዛና ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የአብነት ተማሪ ቶሎ ይለምደዋል። የፊደሉ ቅርጽ ትንሽ ይከብዳል፣ ቃሉ ግን ቤተኛ ነው።

የዔዛና ድንጋይ በሦስት ቋንቋ ነው የተጻፈው፣ አይደል?

አስጎብኚዎች እንዲያ ይላሉ፤ ነገሩ ግን የበለጠ ይገርማል። ጽሑፉ በሦስት ፊደል፣ በሁለት ቋንቋ ነው። አንዱ ግሪክኛ በግሪክ ፊደል። ሁለተኛው ግዕዝ በግዕዝ ፊደል። ሦስተኛው በሳባ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ቋንቋው ግን በመሠረቱ ያው ግዕዝ ነው። ሳባዊ እንዲመስል ቃላቱ መጨረሻ ላይ «ም» ይጨመርበታል። ንጉሡ የባሕር ማዶውን ክብር በፊደል ለብሷል ብንል አልተጋነነም።

የሚተርከው በቤጃዎች ላይ የተደረገ ዘመቻ ነው። ዔዛና ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን ይልካል። ስድስት አለቆች ከ4,400 ሰው ጋር ተማርከው ይመጣሉ፤ ከዚያ ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ይደረጋል። ለእያንዳንዱ አለቃ 4,190 ከብት ተሰጠ ይላል፤ በድምሩ 25,140። አባዙት፤ 4,190 በ6 ልክ ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ለአንባቢው በረከት ነው። አንዱ ቁጥር ተፍቆ ቢሆን እንኳ ሌላው ይመሰክርለታል።

አማልክቱም እንዲሁ ይመሰክራሉ። ግዕዙ ማሕረም ያለውን ግሪኩ አሬስ ይለዋል፤ አሬስ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው። ስለዚህ ማሕረም ለአክሱሞች ምን እንደነበረ ሌላ መጽሐፍ ሳንፈልግ እናውቃለን። በሌላ፣ አናባቢ ባለው ጽሑፉ ደግሞ ዔዛና «እግዚአ ሰማይ» እያለ ይጽፋል። በ1969 የተገኘ የግሪክ ጽሑፉ ላይ አብና ወልድ መንፈስ ቅዱስም በስም ተጠርተዋል። የሃይማኖት ለውጡን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ መከተል ይቻላል።

ዕድሜው በምን ይታወቃል? ድንጋይ በካርቦን አይለካም አይደል?

አይለካም። ካርቦን የሚሠራው ሕይወት ለነበረው ነገር ነው፤ አጠገቡ የተገኘ ከሰል ወይም አጥንት ካለ እሱን ይለኩታል። አለበለዚያ ሦስት ነገር ይታያል፦ የፊደሉ ቅርጽ፣ የተጠቀሰው ንጉሥ፣ ከውጭ የሚመሰክር ሰነድ። ለዔዛና የውጭ ምስክር አለው። በ356 ገደማ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆስጣንዮስ ለዔዛናና ለሳይዛና የጻፈው ደብዳቤ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። ሳንቲሞችም ይረዳሉ። የዔዛና ሳንቲም መጀመሪያ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ነበረበት፤ በኋላ መስቀል ተተካበት።

አንባቢዎች ይሳሳታሉ?

በደንብ አድርገው! ታዋቂው ምሳሌ የአክሱም መንግሥት የቀይ ባሕር ወደብ የነበረው አዱሊስ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጼ ካሌብ በዚያ ወደብ ያሉ የግሪክ ጽሑፎች ተገልብጠው እንዲላኩለት አዘዘ። ከገልባጮቹ አንዱ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ነበር። ጽሑፎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ የግብፁ ሦስተኛ ጦለሚ፣ ሌላው የአንድ የአክሱም ንጉሥ። ኮስማስ አንድ ጽሑፍ መስለውት አያያዛቸው። ድንጋዮቹ ዛሬ የሉም፤ የእሱ ቅጂ ብቻ ነው የቀረው። የአክሱሙ ጽሑፍ መነሻ፣ የንጉሡ ስም ያለበት፣ ጎድሏል። ስለዚህ ከአፍሪካ ቀንድ እስከ ዓረቢያ ዘመትኩ የሚለው ያ ንጉሥ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቢሆንም ኮስማስን አልወቅሰውም። ባይገለብጠው ኖሮ ጭራሽ ባዶ ነበርን።

ሊነበብ እየቻለ የማይገባ ጽሑፍ አለ?

አለ፣ ጎረቤታችን ሱዳን። የመርዌ መንግሥት ፊደል በ1911 ገደማ በእንግሊዛዊው ግሪፊዝ ተፈታ። ድምፁን ማውጣት ይቻላል፤ የቋንቋው ትርጉም ግን በአብዛኛው ዛሬም ተሰውሯል። የሁለት ቋንቋ ረጅም ጽሑፍ አልተገኘለትም፤ የቅርብ ዘመድ የሆነ የታወቀ ቋንቋም የለው። አረብኛ የማያውቅ ልጅ ቁርዓን አሳምሮ ሲቀራ አይታችሁ ይሆናል። ጅማ ላይ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው።

የአያቴ ጠገራ ብር ላይ 1780 ይላል። የዚያን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው?

ላይኖረው ይችላል። 1780 ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ብሩ በንግድ ስለተወደደ ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ቪየና፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ተመትቷል። ጣልያንም ወረራውን ስታሰናዳ ከ1935 ጀምሮ ሮም ላይ መትታለች። ስለዚህ የአያታችሁ ብር ከአያታችሁ ሊያንስ ይችላል። ጠርዙን አዙራችሁ እዩ። በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ጽሑፍ ዙሪያውን አለ። ብዙ ሰው ስንት ዓመት ይዞት ጠርዙን አያየውም።

የምኒልክ ብር ከሆነ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው። ፲፰፻፹፯ን እንዲህ አንብቡት፦ ፲፰ ማለት 18፣ ፻ ማለት መቶ፣ ስለዚህ 18 መቶ፤ ፹፯ ደግሞ 87። በእኛ አቆጣጠር 1887 ነው። በነገራችን ላይ የግዕዝ ቁጥሮች የመጡት ከግሪክ ፊደላት ነው።

መቃብር ላይ ያለ የአረብኛ ዓመት እንዴት ወደ እኛ ይመለሳል?

የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዙና 622 ደምሩ፤ የአውሮፓው በአንድ ዓመት ልዩነት ይወጣል። 1351 ሂጅራ 1932 ይሆናል፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር ያረፉበት ዓመት ነው። ከዚያ ለእኛው አቆጣጠር 7 ወይም 8 ቀንሱ። የጣልያን ዘመን ጽሑፍ ላይ ደግሞ ከአውሮፓው ዓመት ጎን አጭር የሮማ ቁጥር ካያችሁ የፋሺስቶች ዘመን አቆጣጠር ነው። ከጥቅምት 1922 ይጀምራል። 15ኛው ዓመት ከ1936 ጥቅምት መጨረሻ እስከ 1937 ጥቅምት ያለው ነው።

ምልክት ያለበት ድንጋይ ሥር ወርቅ አለ ይባላል። እውነት ነው?

ውሸት ነው። «ጣልያን ቀብሮ የሄደው ወርቅ» የሚለው ወሬ ስንቱን ጉድጓድ አስቆፍሯል! ጥንታዊ ጽሑፍ የሚቀረጸው ሰው እንዲያየው ነው። ድል ለማወጅ፣ ስጦታ ለማሳወቅ፣ ሟች ለማስታወስ። ወርቅ የሚደብቅ ሰው ድንጋይ ላይ ማስታወቂያ አይለጥፍም። ቆፋሪው የሚያገኘው አፈር ነው። ጥናቱ የሚያጣው ግን ድንጋዩ የቆመበትን ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

እሺ፣ እውነተኛ የሚመስል ጽሑፍ ባገኝ ምን ላድርግ?

አትንኩት። በብረት ብሩሽ አትፈትጉት፣ በረኪና አታፍስሱበት፣ ፊደሉ እንዲጎላ ብላችሁ በጠመኔ ወይም በቀለም አትከተሉት። ሽበት ያለበት ድንጋይ ሲፈተግ ሽበቱ ብቻ ሳይሆን የፊደሉ ጠርዝም አብሮ ይሄዳል።

ፎቶ አንሱ። ከፊት አንድ፣ ከዚያ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ብዙ። ከሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ስትል፣ ወይም ሲመሽ የስልክ መብራት ከድንጋዩ ጎን ይዛችሁ። ቀን ላይ ባዶ የሚመስለው ፊት በጎን ብርሃን ጥላ ያወጣና ፊደሉ ይታያል። መጠኑን የሚያሳይ ነገር፣ ቢያንስ እስክሪብቶ፣ አጠገቡ አስቀምጡ። ቦታውን በስልኩ ካርታ መዝግቡ፤ ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት፣ በማግስቱ ዶማ የያዘ ሰው ይመጣል። ባለሙያዎች እርጥብ ወፍራም ወረቀት ድንጋዩ ላይ እየመቱ ቅርጹን ይወስዳሉ። ያንን ለእነሱ ተዉላቸው።

ከዚያ ለወረዳው ወይም ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም ክልክል ነው። ጉዳዩን በአገር ደረጃ የሚይዘው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ዔዛናም አስቦበታል። ድንጋዩን የሚነቅል ሰው ከነዘሩ ከአገሩ እንዲነቀል ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ረግሟል። አዋጁን የማይፈራ እርግማኑን ይፍራ።

አሁን እኮ ኤአይ አለ። ፎቶ ብልክለት አያነብልኝም?

ለግሪክኛ ጥሩ ነገር ተሠርቷል። በ2022 ይፋ የሆነው ኢታካ የሚባል ፕሮግራም የጎደሉ የግሪክ ፊደሎችን ይገምታል። ብቻውን ሲሠራ 62 በመቶ ያህል ያገኛል፤ የታሪክ ባለሙያ ሲጠቀምበት 72 በመቶ ይደርሳል። ማሽኑና ሰው አብረው ሲሠሩ የተሻለ መሆኑን ልብ በሉ። ግን የተማረው ከ70 ሺህ በላይ ከሆኑ ጽሑፎች ነው። የአክሱም ዘመን ጽሑፎች ተሰብስበው የዚህ ጥቂቱንም አይሆኑም። ስለዚህ ቻትቦት ስለ ድንጋያችሁ በሙሉ ልብ ሲያወራ «የትኛውን ፊደል አይተህ ነው?» ብላችሁ አፋጡት።

መማር ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከግዕዝ። ከተማው ውስጥ የአብነት ትምህርት የሚሰጥበት ደብር ካለ እዚያ ይጀመራል፤ ነጻ ነው፣ መምህሩ ግን ቀልድ አያውቁም። አረብኛ የምታውቁ ከሆነ እጥፍ ይጠቅማችኋል፤ የሳባን ቃላት ሥር ቶሎ ታያላችሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊሎሎጂና አርኪዮሎጂ ያስተምራል። ለጉዳይ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ ብሎ የሳባ ፊደል የተቀረጸባቸውን ጥንታዊ ድንጋዮች ፊት ለፊት ማየት ይችላል። የፊደል ሠንጠረዥ በስልካችሁ ይዛችሁ ግቡ። መጀመሪያ «በ»ን ፈልጉ፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚለየው እሱ ነው።